የሚዘፍነው የሕፃን ስልክ፦ ፊቱን አይታችሁ አትግዙት፣ ገልብጡት

ሰሞኑን መርካቶም ሆነ መገናኛ አካባቢ በመጫወቻ መሸጫዎች ደጅ ላይ ተንጠልጥሎ የሚታይ የሕፃን ስልክ አለ። መዳፍ የሚሞላ፣ ጠርዙ የተድቦለቦለ፣ በሮዝና በሰማያዊ ቀለም የሚመጣ፣ ቁልፉ ሲነካ የሚዘፍንና መብራት ብልጭ ድርግም የሚያደርግ ነው። ካርቶኑ ላይ የአምራች ስም አይታይም። ሻጮቹ በቀላሉ «የሚዘፍነው ስልክ» ይሉታል፤ ለእኔ በ350 ብር ሰጥተውኛል። የእህቴ ልጅ አንድ ዓመት ሊሞላት ስለሆነ ለልደቷ ስጦታ እያማረጥኩ ነበር። ይኼንንም ሌላም ዓይነት ገዛሁና ቤት ወስጄ ጎን ለጎን አስቀምጬ አየኋቸው።

እንዴት እንደምመዝን ቀድሜ ልንገራችሁ። ከአንገት በላይ ሕክምና በሚሰጥበት የቀዶ ጥገና ክፍል ነርስ ነኝ። ሕፃናት የዋጡት ወይም ወደ ሳንባቸው የሳቡት ነገር ሲወጣ ከሐኪሙ ጎን ቆሜ መሣሪያ አቀብላለሁ። የወጣውን ዕቃ በጨርቅ ላይ ተቀብዬ የማስቀምጠውም እኔ ነኝ። ስለዚህ ማንኛውም መጫወቻ እጄ ላይ ሲገባ መጀመሪያ የማየው ጀርባውን ነው።

ከፊቱ ልጀምርና የሚገባውን ልስጠው። ቁልፎቹ ትልልቅ ናቸው፤ በጥፍሬም በጥርሴም ጎትቻቸው አልተነቀሉም። ቀለሙ በእርጥብ ጨርቅ ሲታሽ አይለቅም፤ ሁሉን ነገር አፏ ለምታስገባ ልጅ ይኼ ትልቅ ነገር ነው። ድምፁ ጆሮ አይበጥስም። የእንግሊዝኛ ፊደል መዝሙር አለው፣ የውሻ ጩኸት አለው፣ እንደ እውነተኛ ስልክ የሚጠራም ቁልፍ አለው። ልጅ ይወደዋል፤ በዚህ ጥርጥር የለኝም።

አሁን ገልብጡት። ከታች በኩል የአውራ ጣት ስፋት ያላት ክዳን አለች። ብሎን የላትም። የያዛት አንዲት ቀጭን የፕላስቲክ ምላስ ብቻ ስትሆን በጥፍር ጫን አድርጎ ወደ ታች መግፋት ይበቃል። ውስጧ ሦስት የሰዓት ባትሪዎች ተደርድረዋል፤ ላያቸው ላይ «ኤልአር44» ተጽፏል። እያንዳንዷ 11.6 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ 5.4 ሚሊ ሜትር ውፍረት አላት። ስልኩን ከጠረጴዛ ከፍታ ሴራሚክ ወለል ላይ ለቀቅኩት። ክዳኗ ተስፈንጥራ ሄደች፣ ባትሪዎቹ ተበተኑ፣ አንዷ ተንከባልላ ሶፋ ሥር ገባች። የአንድ ዓመት ልጅ መጫወቻ ይዛ አትቀመጥም፤ ትወረውራለች። ወርውራ ስትጨርስ ደግሞ ሶፋ ሥር የምትገባው እሷ ናት።

ካርቶኑን አንብቡት። በአንዱ ማዕዘን በቀይ መስመር የተሰረዘ የሕፃን ፊት አለ፤ አጠገቡ 0-3 ይላል። ትርጉሙ ከ3 ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሰጥ ማለት ነው። ምልክቷ የምስማር ራስ ታህል ይሆናል። ከእሷ በላይ ግን ካርቶኑን ግማሽ የሞላ ዳይፐር የለበሰ ሕፃን ፎቶ አለ፤ ስልኩን ጆሮው ላይ ይዞ ይስቃል። እናት የምታየው ፎቶውን ነው። በዚህ በጣም ነው የተናደድኩት፤ ዕቃው ለማን እንደማይሆን አምራቹ ያውቃል፣ የሚሸጠው ግን ለእነሱው ነው።

ሻጩን ጠየቅኩት። «ወንድሜ፣ ክዳኑ በብሎን የሚታሰር የለህም?»

«እህቴ፣ ብሎን ምን ያደርግልሻል? ባትሪው ሲያልቅ ካቻቢቴ ፍለጋ ልትዞሪ ነው? ይኼ እኮ በእጅሽ ከፈት አድርገሽ ትቀይሪያለሽ።»

«ለእኔ ከቀለለ ለልጅቷም ይቀላል። ባትሪውን ብትውጠውስ?»

ስልኩን ከእጄ ወሰደና ክዳኗን ከፈተ፣ ዘጋ፣ ደግሞ ከፈተ። «የኔም ልጅ ይኼኑ ነው የሚጫወትበት» አለኝ። ከዚያ መሰላል ላይ ወጥቶ ከላይኛው መደርደሪያ አቧራ የጠጣ ካርቶን አወረደ፤ ሁለተኛው ስልክ ያ ነው። ወደሱ እመለሳለሁ።

ስለ ባትሪው ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ብዙ ሰው ጉዳቱ ባትሪው ፈሶ የሚመርዝ ይመስለዋል፤ ስለዚህ «ካልተሰነጠቀ ችግር የለውም፣ በሰገራ ይወጣል» ይባላል። ባትሪው ሳይፈስም ያቃጥላል። የምግብ ቧንቧ ውስጥ ሲሰነቀር ሁለቱም ፊቱ እርጥብ ሥጋ ይነካል፣ በሥጋው ውስጥ ኤሌክትሪክ ማለፍ ይጀምራል። በነጌቲቩ በኩል ኮስቲክ ሶዳን የመሰለ ብርቱ አልካሊ ይፈጠራል፤ ሥጋውን እያሟሟ ይገባል። በ2 ሰዓት ውስጥ ከባድ ቃጠሎ ሊደርስ ይችላል። ባትሪው አዲስ መሆን የለበትም። «አልቋል» ተብሎ መስኮት ላይ የተቀመጠው፣ ስልኩን ማዘፈን ያቃተው፣ የሕፃን ጉሮሮ ለማቃጠል የሚበቃ ኃይል ግን አለው።

ከሁሉም የሚከፋው ይኼኛው ስልክ ውስጥ ያለው እንዳልሆነ ሳልናገር ባልፍ ፍርዴ ፍትሐዊ አይሆንም። የሚከፋው ሰፊውና ቀጭኑ የሊቲየም ባትሪ ነው፤ «ሲአር2032» የሚባለው። ቁጥሩ ራሱ መጠኑን ይነግራችኋል፦ 20 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ 3.2 ሚሊ ሜትር ውፍረት። ጉልበቱ 3 ቮልት ነው፣ ስፋቱ ደግሞ የትንሽ ልጅ የምግብ ቧንቧ ላይ ልክ የሚያዝ ነው። በመኪና ቁልፍ፣ በቀጫጭን ሪሞቶች፣ በወጥ ቤት ሚዛን፣ በሚበሩ የውሸት ሻማዎች ውስጥ አለ። የስልኩ ኤልአር44 1.5 ቮልት ነው፤ ትንሽ ስለሆነ ብዙ ጊዜ አልፎ ጨጓራ ይገባል። ነገር ግን በጣም ትንሽ ልጅ ጉሮሮ ላይ ሊያዝ ይችላል፤ አፍንጫና ጆሮ ውስጥም ልክ ይገባል። አፍንጫ ውስጥ የገባ ባትሪ በሰዓታት ውስጥ ሁለቱን የአፍንጫ ቀዳዳዎች የሚለየውን ግድግዳ ይበሳል። አንድ ወላጅ «አፍንጫው ሸተተኝ፣ በአንድ በኩል ብቻ ጥቁር ንፍጥ ይፈሰዋል» ሲል የክፍላችን ሰው ሁሉ ይነሣል።

ማውጫ ክፍል ውስጥ የማየውን ልንገራችሁ። ሕፃኑ በማደንዘዣ ይተኛል። ሐኪሙ አንገቱን አቅንቶ ጫፉ ላይ መብራት ያለው ቀጥ ያለ የብረት ቱቦ በአፉ ያስገባል፣ በቱቦው ውስጥ ደግሞ ረጅም መቆንጠጫ። ባትሪው ሲወጣ ነጌቲቩ ፊቱ ጠቁሮ ነው የሚመጣው። ጠበብ የሚለው ጎን ማለት ነው። እሱ ፊት የዞረበት አቅጣጫ ዋናው ቃጠሎ ያለበት ነው፤ ወደ ፊት ከዞረ የአየር ቧንቧው አለ፣ ወደ ኋላ ከዞረ አከርካሪው። ሐኪሙ «ወዴት ዞሮ ነበር?» እያለ የሚጨነቀው ለዚህ ነው። ባትሪው ወጣ ማለት ደግሞ አለቀ ማለት አይደለም። ቃጠሎው ከወጣ በኋላም ለቀናት፣ ለሳምንታት ሊሰፋ ይችላል፤ በምግብና በአየር ቧንቧ መካከል ቀዳዳ ሊከፈት፣ ትልቅ የደም ሥር ሊነካ፣ ቆይቶም ቧንቧው ጠቦ ምግብ አላሳልፍ ሊል ይችላል። ለ350 ብር መጫወቻ!

ራጅ ላይ ሳንቲምና ባትሪ ይመሳሰላሉ፤ ሁለቱም ክብ ነጭ ሆነው ይታያሉ። የባትሪው ዳር ግን ድርብ ክብ አለው፣ ከጎን ሲነሣም አንዱ ፊቱ ከሌላው ጠበብ ስለሚል ደረጃ ይሠራል። ልዩነቱ ትልቅ ነው። ሳንቲም የዋጠና ደህና የሚተነፍስ ልጅ ሐኪም እየተከታተለው ጥቂት ሊቆይ ይችላል፤ ባትሪ ግን አንድ ደቂቃ አይጠበቅም። ስለዚህ ራጁ ተነሥቶ «ሳንቲም ነው» ከተባላችሁ «ዳሩ ድርብ አይደለም ወይ? ከጎንም ተነሥቷል?» ብላችሁ ጠይቁ። ሐኪም አይቆጣም፤ ቢቆጣም ጠይቁ።

ሲውጥ ማንም ያላየው ልጅ ከሁሉም ያስቸግራል። ለሃጭ ይበዛዋል፣ ምግብ እምቢ ይላል፣ ያስለዋል፣ ያስመልሰዋል፣ ድምፁ ይሻክራል። ይኼ ሁሉ ጉንፋን ወይም ቶንሲል ይመስላል፤ ሽሮፕ ተሰጥቶት ወደ ቤት የተመለሰ ልጅ ከጊዜ በኋላ እኛ ጋ ሲመጣ አይቻለሁ። ቤት ውስጥ ክዳኑ የተከፈተ መጫወቻ ካገኛችሁና አንድ ባትሪ ከጎደለ፣ ልጁም እንዲህ ከሆነ፣ መጫወቻውንና የቀሩትን ባትሪዎች ይዛችሁ ራጅ፣ ማደንዘዣና የአንገት በላይ ሐኪም ወዳለበት ሆስፒታል ሂዱ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። «እንዲገፋው» ብላችሁ ዳቦም ሙዝም አታጉርሱት፤ ማደንዘዣ ባዶ ሆድ ይፈልጋል። ጣት ከታችሁ አታስመልሱት፤ ሲመለስ ዳግመኛ ያቃጥላል።

በዚህ ሁሉ መካከል አንድ የሚፈቀድ ነገር አለ፤ ማር። ልጁ ከ1 ዓመት በላይ ከሆነ፣ ባትሪውን ከዋጠ 12 ሰዓት ካላለፈና መዋጥ ከቻለ፣ እየሄዳችሁ በየ10 ደቂቃው 2 የሻይ ማንኪያ ማር፣ እስከ 6 ጊዜ መስጠት ይቻላል። ማሩ ባትሪውን ሸፍኖ ቃጠሎውን ያዘገየዋል። ሕክምናውን አይተካም፤ ማር ፍለጋ ሱቅ ለመሄድም አትቆሙ። ከ1 ዓመት በታች ላለ ሕፃን ግን ማር በፍጹም አይሰጥም።

ወደ ሁለተኛው ስልክ ልመለስ። ዋጋው 600 ብር ተብሎ ተጠራ። ከመጀመሪያው ከበድ ይላል፣ ቀለሙም ያን ያህል ዓይን አይስብም፤ አቧራ ጠጥቶ ላይ የከረመው ለዚህ ይመስለኛል። የሚሠራው በሁለት የሪሞት ድንጋይ ነው፤ ባለ ሦስት ኤ በሚባሉት ረጃጅሞቹ። ክዳኑ በብሎን ታስሯል፤ ትንሽ ካቻቢቴ ያስፈልጋል። በጣም የወደድኩለት ግን ብሎኑ ሲፈታ አለመውደቁን ነው፤ ክዳኑ ላይ ተይዞ ይቀራል። ባትሪ በምትቀይሩበት ሰዓት እንኳ ወለል ላይ የሚወድቅ ትንሽ ብረት የለም ማለት ነው። ይኼንን ያሰበ ሰው ልጅ የሚያውቅ ሰው ነው። እሱንም ከዚያው ጠረጴዛ ላይ ለቀቅኩት፣ ደገምኩት፤ ጠርዙ ተጫረ፣ ክዳኑ ግን ንቅንቅ አላለም።

ጉድለትም አለው። ድምፁ ይጮኻል፤ መቀነሻ የለውም፤ ድምፅ ማውጫው ቀዳዳ ላይ ፕላስተር ለጥፌ አበረድኩት። ጫፉ ላይ የጎማ አንቴና አለ፤ አንቴናው ይነቀላል ብዬ ሰግቼ ብዙ ጎተትኩት፣ አልተነቀለም። የአሜሪካ መለኪያ ከ3 ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች የመጫወቻ ክፍሎችን የሚፈትነው 31.7 ሚሊ ሜትር ስፋት ባላት ሲሊንደር ነው፤ በውስጧ የገባ ሁሉ ለሕፃን አይሆንም። ቤት ውስጥ ደግሞ የሶፍቱን የውስጥ ካርቶን ተጠቀሙ። ከመለኪያው ትንሽ ስለሚሰፋ የበለጠ ያስጠነቅቃችኋል። የ1 ብር ሳንቲም 27 ሚሊ ሜትር ነው፤ በሁለቱም ያልፋል።

ከዚያው ሱቅ ውስጥ ሌሎችንም አገላበጥኩ። ማግኔት ያላቸውን ዓሣ ማጥመጃዎች ትንሽ ልጅ ላለበት ቤት አልመክርም፤ ሁለት ማግኔት ለየብቻ ከተዋጠ በአንጀት ግድግዳ ውስጥ ተሳስቦ ይጣበቃል፣ መካከሉ ያለው አንጀት ይበሳል። ያልተነፋ ፊኛም እንዲሁ፤ የአየር ቧንቧ ላይ ተለጥፎ ይዘጋል። ሱቅ በደረቴ የሚሸጡት ቀይ ጨረር የሚያወጡ የቁልፍ መያዣዎች ደግሞ ከመጀመሪያው ስልክ ጋር አንድ ዓይነት ባትሪ አላቸው፤ የኋላቸው በእጅ የሚፈታ ነው። ልጅ ሲያለቅስ ማባበያ ተብለው ይሰጣሉ።

አሜሪካ ውስጥ ይኼ ነገር ሕግ ሆኗል። ሪስ የምትባል የ18 ወር ሕፃን ከሪሞት የወጣ ባትሪ ውጣ በ2020 መጨረሻ ላይ ሞተች። እናቷ ብዙ ታግላ በነሐሴ 2022 በልጅቷ ስም የተጠራ ሕግ ወጣ፤ እነዚህ ባትሪዎች የሚገቡበት ክዳን ወይ መሣሪያ ካልተያዘ፣ ወይ ሁለት የእጅ እንቅስቃሴ በአንድ ጊዜ ካልተደረገ እንዳይከፈት ያዛል። (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) አንድ ብሎን ማለት ነው። ለአስመጪዎቻችን የምለው ይኼው ነው፦ ከፋብሪካ ስታዝዙ ናሙናውን ገልብጡና «ብሎን ያለው» በሉ። ፋብሪካው ሁለቱንም ይሠራል፤ እዚያው አንድ ሱቅ ውስጥ ሁለቱን ጎን ለጎን አግኝቻቸዋለሁ።

ስለ ባትሪ ይኼን ያህል ጽፌ አንድ ነገር ባልጨምር የሥራ ባልደረቦቼ ይወቅሱኛል። ወደ ሳንባ ስለሚገባው ካነሣን ዋናው ጠላት መጫወቻ አይደለም፤ የቡና ቁርሱ ነው። ኦቾሎኒ፣ ቆሎ፣ ሽምብራ። ልጅ የመንጋጋ ጥርሱ በደንብ እስኪወጣና ማድቀቅ እስኪለምድ፣ ቢያንስ እስከ 4 ዓመቱ፣ ጠንካራ ፍሬ አይሰጠው። ትን ብሎት ካሳለ በኋላ ፀጥ ይላል፣ ሁሉም «አለፈለት» ይላል፤ ፍሬው ግን ብዙውን ጊዜ በቀኝ ሳንባ በኩል ገብቶ ተቀምጧል። ራጅ ኦቾሎኒን አያሳይም። ሳምንታት ቆይቶ በአንድ ጎን ብቻ ሲር ሲር የሚል ወይም የሳንባ ምች እየተመላለሰ የሚይዘው ልጅ ይሆናል። ኦቾሎኒው ውሃ ጠጥቶ ስለሚያብጥና መቆንጠጫው ሲይዘው ስለሚፈረፈር ከሳንቲም ይልቅ ለማውጣት ያስቸግራል። የዚህ ሙያ ፈር ቀዳጅ አሜሪካዊው ሐኪም ሸቫሊዬ ጃክሰን ከሰዎች ያወጣቸውን ዕቃዎች ይሰበስብ ነበር፤ 2,374ቱ ፊላደልፊያ በሚገኘው የሙተር ሙዚየም በመሳቢያ ተደርድረው ይታያሉ። መርፌ ቁልፍ፣ የልብስ ቁልፍ፣ ሳንቲም፣ አጥንት፣ ፍሬ አለበት። ሰውየው በፈረንጅ አቆጣጠር በ1958 ሞተ፤ ዛሬም የምንቀበላቸው አብዛኞቹ እነዚያው ናቸው።

ዓይናችሁ እያየ ልጅ ቢታነቅስ? የሚያስልና ድምፅ የሚያወጣ ከሆነ እንዲያስል ተዉት። ማሳልም ማልቀስም ካቃተው በሁለቱ ትከሻዎቹ መካከል በመዳፍ 5 ጊዜ ምቱት፤ ካልወጣ ከ1 ዓመት በታች ከሆነ ደረቱን፣ ከዚያ በላይ ከሆነ ከእምብርቱ በላይ ሆዱን 5 ጊዜ ግፉ፤ እያፈራረቃችሁ ቀጥሉ። የማይታይ ነገር በጣት አትፈልጉ፤ ወደ ውስጥ ይገፋል።

ፍርዴ እንዲህ ነው። የመጀመሪያውን ስልክ ትንሽ ልጅ ላለበት ቤት አትግዙ፤ በ350ም፣ በነፃም። ቀድሞ ቤታችሁ ካለ ክዳኑን በስኮች ማሸግ አያስተማምንም፤ ለሃጭ ያለሰልሰዋል፣ ልጅም ይልጠዋል። ባትሪዎቹን አውጡና ስልኩን ብቻ ስጡ፤ ሕፃን በማይዘፍን ስልክም «ሄሎ» ይላል። የወጡትን ባትሪዎች ሁለቱንም ፊት በፕላስተር ጠቅልላችሁ ልጅ ከማይደርስበት አስወግዱ። ሁለተኛውን ግዙት፤ ለእህቴ ልጅ የሰጠሁትም እሱን ነው። 600 ብር ሲሏችሁ ተከራከሩ፣ እስከ 520 ይወርዳሉ። ባለ ሦስት ኤዎቹን ድንጋዮች ግን ከሌላ ሱቅ ግዙ፤ አብረው የሚመጡት ቶሎ ያልቃሉ።